መግሉ ቆመ፣ ትኩሳቱ ግን አለ፦ ጎኑ ላይ ቱቦ ስለገባለት ወንድም

ጥያቄ፦ «ዶክተር ሰላም ነዎት? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። የጎን ውጋት፣ ሳልና ትኩሳት ይዞት ሦስት ሳምንት ያህል ከፋርማሲ መድኃኒት እየገዛ ቆየ። ሲብስበት ሆስፒታል አስገባነው። ሳንባው መግል ይዟል ተብሎ ጎኑን በስተው ቱቦ አስገቡለት። ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። መጀመሪያ ብዙ መግል ወጣ፣ አሁን ቆሟል ማለት ይቻላል። ማታ ማታ ግን ያተኩሰዋል። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሪፈር እንጽፍለታለን፣ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል አሉን። እናታችን ደረቱ ተከፍቶ የዳነ ሰው አላየሁም እያለች ታለቅሳለች። መግሉ ካለቀ ቱቦው ተነቅሎ በመድኃኒት ብቻ ቢታከም አይሻልም? ኦፕራሲዮን ከሆነስ ምኑን ነው የሚቆርጡት? በአውሮፕላን መሄድ ይችላል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ፈጣሪ ወንድምሽን ይማርልሽ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ቱቦውን ንቀሉልን አትበሉ። ሪፈሩንም አትግፉት። ሐኪሞቹ የያዙት መንገድ ትክክል ነው። ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ እናንተን ደስ ያሰኛችሁ ነገር ነው፤ የመግሉ መቆም።

መግል ቀንሶ ትኩሳት ከጠፋ፣ የምግብ ፍላጎት ከተመለሰ፣ ራጁም ላይ ሳንባው ተዘርግቶ ከታየ እሰየው ነው። መግል ቆሞ ትኩሳት ካለ ግን ብዙ ጊዜ መግሉ አላለቀም፣ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ወይ ቱቦው ተደፍኗል። ወይ ቱቦው አንድ ቦታ፣ መግሉ ሌላ ቦታ ነው። ወይ ደግሞ መግሉ ውስጥ ለውስጥ ግድግዳ ሠርቶ በየጓዳው ተቋጥሯል። በእኔ ግምት ሦስተኛው ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

«ሳንባው መግል ይዟል» ሲባል ብዙ ሰው ሳንባው የበሰበሰ ይመስለዋል። ሳንባ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው። የደረት ግድግዳም ከውስጥ በኩል ተመሳሳይ ሽፋን አለው። በሁለቱ መሃል ያለው ቦታ ጤነኛ ሰው ላይ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ሽፋኖቹ እንዳይፋተጉ የምታለሰልስ ጥቂት ፈሳሽ ብቻ አለች። የሳንባ ምች ሲበረታ እዚያ ውሃ ይቋጥራል። ተህዋሲያኑ ወደዚያ ውሃ ከገቡ መግል ይሆናል። ስለዚህ የወንድምሽ መግል ያለው ሳንባው ውስጥ ሳይሆን ከሳንባው ውጭ፣ በሳንባውና በጎድን አጥንቱ መካከል ነው። ሳንባው ታፍኗል እንጂ አልሞተም። ለኦፕራሲዮኑ ጥያቄሽ ይሄ ትልቅ ልዩነት ስላለው ያዢልኝ።

መግሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭን ነው። ያን ጊዜ አንድ ቱቦና ትክክለኛ አንቲባዮቲክ ብዙውን ሰው ያድናሉ። ቀናት እያለፉ ሲሄዱ አጥሚት ሲቀዘቅዝ እንደሚያደርገው ይወፍራል፣ ይጓጉላል፣ በመሃሉም ክር ክር የሚመስሉ መጋረጃዎች ይዘረጋሉ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ሳንባው ላይ ጠንካራ የጠባሳ ቅርፊት ይሠራል። ሳንባው ያን ቅርፊት ገፍቶ መነፋት አይችልም። አሁን የወንድምሽን ቀን ቁጠሪ። ሦስት ሳምንት በፋርማሲ መድኃኒት፣ ከዚያ 9 ቀን በቱቦ። አራት ሳምንት አልፎታል። ለዚህ ነው የተቋጠረ መግል አለ ብዬ የጠረጠርኩት። ሐኪሞቹም ሪፈር ያሉት ለዚሁ ይመስለኛል። ቱቦና አንቲባዮቲክ ከ5 እስከ 7 ቀን ተሞክሮ ትኩሳቱ ካልለቀቀ የደረት ቀዶ ሐኪም ማማከር በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ደንብ ነው።

መድኃኒት ብቻውን ለምን አይበቃም? አንቲባዮቲክ የሚጓዘው በደም ነው። የተቋጠረ መግል ውስጥ ደግሞ የደም ሥር የለም። ከዳር የሚገባው ጥቂት መድኃኒትም መግሉ አሲዳማ ስለሆነ ብዙ አይሠራም። ቱቦውን ነቅላችሁ ክኒን ይዛችሁ ቤት ብትገቡ ለሳምንት ሻል ያለው ሊመስላችሁ ይችላል። ከዚያ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ፤ ቅርፊቱ ወፍሮ፣ ልጁ ከስቶ። ይሄን በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

አሁን አልጋው ሥር ወዳለው ጠርሙስ ልውሰድሽ። አስታማሚዎች በጣም የሚፈሩት ግን ማንም ቁጭ ብሎ ያላስረዳቸው ዕቃ ነው። ከጎኑ የወጣው ቱቦ ጫፉ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቷል። ውሃው በር ነው። አየርና መግል ከደረቱ ይወጣሉ፣ የውጭ አየር ግን ተመልሶ አይገባም። ዘዴው የቆየ ነው፤ የሐምቡርጉ ሐኪም ጎትሃርድ ቡላው በ1891 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። እስከ ዛሬ የተሻለ ቀላል ነገር አልተገኘም።

ወንድምሽ አጠገብ ቁጭ በዪና ውሃው ውስጥ ያለውን የቱቦ ጫፍ እዪ። አየር ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሲያስወጣ ዝቅ ይላል። ሲያስለው ደግሞ ዘለል ይላል። ይሄ ከታየ ቱቦው ክፍት ነው። ውሃው ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሳንባው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ቱቦውን ነክቶታል፣ አለዚያም ቱቦው ታጥፏል ወይም ተደፍኗል። ትኩሳት ያለበት ልጅ ላይ እኔ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው። መጀመሪያ ቱቦውን ከጎኑ ጀምረሽ እስከ ጠርሙሱ በዓይንሽ ተከተዪው። ተኝቶበት ይሆናል፣ የአልጋው ብረት ተጭኖት ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ካልሆነ ለነርሷ ንገሪያት፣ በንጹሕ ሳላይን ሊታጠብ ይችላል። አንቺ ግን አትንኪው።

አረፋም ተመልከቺ። ሲያስለው ብቻ አንዳንድ አረፋ ቢወጣ ብዙ አያስደነግጥም። ዝም ብሎ ሲተነፍስም የማያቋርጥ አረፋ ካለ ሳንባው ላይ የተበሳ ቦታ ሊኖር ይችላል፣ ወይም የቱቦው መገጣጠሚያ ላልቷል። ለሐኪሙ ይነገር። አረፋ የሚያወጣን ቱቦ በምንም ምክንያት አትቆልፉ። መውጫ ያጣ አየር ሳንባንና ልብን ይጫናል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ሊገድል ይችላል።

ጠርሙሱ ሁልጊዜ ከደረቱ በታች ይሁን። ሽንት ቤት ሲሄድም እንደ ባልዲ አንጠልጥሎት እንጂ ክንዱ ላይ አቅፎት አይሂድ። ጠርሙሱ ቢሰበር የቱቦውን ጫፍ ባገኛችሁት ንጹሕ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱና ነርስ ጥሩ። ሀይላንድም ቢሆን ይሠራል። ቱቦው ከነጭራሹ ከጎኑ ከወጣ ቀዳዳውን በንጹሕ ፋሻ ሸፍናችሁ ወዲያው ጩኹ። መልሳችሁ ለማስገባት እንዳትሞክሩ።

ከመንገድ በፊት እዚያው ድሬዳዋ መሠራት ያለበት ሥራ አለ። የደረት አልትራሳውንድ ይደገምለት። መጋረጃዎቹን ከሲቲ ስካን ይልቅ አልትራሳውንድ ነው ጥርት አድርጎ የሚያሳየው። የተቋጠረ ኪስ ከታየ በምስሉ እየተመሩ ሁለተኛ ቱቦ ማስገባት ይቻላል፤ አንዳንዴ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ሲቲ ስካኑ የሚጠቅመው ለቀዶ ሐኪሙ ነው። ቅርፊቱን፣ ከሥሩ ያለውን የሳንባ ሁኔታና የቱቦውን ቦታ ያሳየዋል።

ሁለተኛው መጣራት ያለበት ነገር ቲቢ ነው። እኛ አገር ሳምንታት ያስቆጠረ ሳል፣ የማታ ትኩሳትና ክሳት ይዞ የመጣን ወጣት ቲቢ ሳይመረምሩ ማለፍ አይቻልም። ከአክታውና ከመግሉ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቂ። እዚህ ላይ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ቲቢ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ጠራ ያለ ቢጫ ውሃ ነው። እሱ በአብዛኛው በ6 ወር መድኃኒት ይደርቃል፣ ለወራት ቱቦ አይፈልግም። ወፍራም መግል ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ መድኃኒቱም ማውጣቱም ያስፈልጋል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ አራት ወር ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። ሽንቱ ወደ ብርቱካንማ ቢቀየር ሪፋምፒሲን የሚባለው ነው፣ ደም እንዳይመስላችሁ። የኤችአይቪና የስኳር ምርመራም ይሠራለት። ማንንም ለመጠርጠር አይደለም፤ ሁለቱም እንዲህ ላለ መግል በር ይከፍታሉ።

መጋረጃዎቹን በመድኃኒት ማሟሟት አይቻልም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ይቻላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 210 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት ሁለት መድኃኒቶች አብረው በቱቦው በኩል ቢሰጡ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚላከው ሰው ከ100 ከ16 ወደ 4 ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። አንዱ ብቻውን ሲሰጥ ግን ጥቅም አልታየም። ችግሩ መድኃኒቶቹ በጣም ውድ ናቸው፣ እኛ ዘንድም እንደ ልብ አይገኙም። ደግሞም የሚሠሩት ቅርፊቱ ሳይደነድን ነው። ለወንድምሽ ሰዓቱ እያለፈ ይመስለኛል። እነሱን ፍለጋ ብላችሁ ቀን አትግደሉ።

ወደ እናታችሁ ልምጣ። ፍርሃታቸውን አልንቀውም። አንድ ዘመን ላይ እውነትም ነበር። በ1918 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጦር ካምፖች ወታደሮች በሳንባ ምችና በመግል ይረግፉ ነበር። ሐኪሞች መግሉ ገና ቀጭን ሳለ ደረታቸውን በሰፊው ይከፍቱ ነበር። ከ100 ሰው 30 ገደማው ይሞት ነበር። ኤቫርትስ ግራሃም የሚባል ቀዶ ሐኪም ያለበት ኮሚሽን ምክንያቱን አገኘው። ሳንባው ገና ከግድግዳው ጋር አልተጣበቀም። ደረቱ ሲከፈት የውጭ አየር ይገባና ሳንባው ይሟሽሻል፣ ሰውየው መተንፈስ ያቅተዋል። ቀድሞ በተዘጋ መንገድ ማውጣት፣ ክፍት ቀዶውን ለኋላ ማቆየት፣ ሕመምተኛውን በደንብ መመገብ ሲጀመር በአንዳንድ ካምፖች የሚሞተው ከ100 ሰው ከ5 በታች ሆነ። ዛሬ ደግሞ የማደንዘዣ ባለሙያው ትንፋሹን ይቆጣጠራል፣ ደረቱ ተከፍቶም ሳንባው በማሽን ይነፋል። እናታችሁ የሰሙት የድሮው ቀዶ ነው። ወንድምሽ የሚጠብቀው የአሁኑ ነው።

ምኑን ይቆርጣሉ ላልሽው፦ በአብዛኛው ከሳንባው ምንም አይቆረጥም። ቅርፊቱ ነው የሚላጠው። ልጁ በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ በጤነኛው ጎኑ ይደረጋል። በሁለት የጎድን አጥንቶች መካከል ይከፈታል። መሣሪያውና የሠለጠነ እጅ ካለ፣ ነገሩም ካልቆየ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ይሠራል። አራት ሳምንት ላለፈው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሻለው ክፍቱ ነው። ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ የተቋጠሩትን ኪሶች ሰብሮ መግሉን ይመጥጣል። ከዚያ አድካሚው ሥራ ይመጣል። ግራጫ፣ ወፍራም፣ እንደ ቆዳ የጠነከረ ነገር ሳንባው ላይ ተለጥፏል። በስለት ቀስ ብሎ ቀደድ አድርጎ ጠርዙን ይይዛል። በጣቱና በተጠቀለለ ጋዝ እየገፋ ጥቂት በጥቂት ያላቅቀዋል። በመሃል የማደንዘዣ ባለሙያውን «ንፋልኝ» ይለዋል። ሲነፋ የተላጠው ቦታ ላይ ሳንባው ሮዝ ሆኖ ብቅ ይላል። ያልተላጠው ተጨብጦ እንደታሰረ ይቀራል። እንዲህ እያለ ደረትን ከሆድ እስከሚለየው ጡንቻ፣ እስከ ድያፍራም ይወርዳል። ሰዓታት ይፈጃል።

አደጋ የለውም አልልሽም። ይደማል፣ ስለዚህ ደም አስቀድሞ ይዘጋጃል። ከተላጠው ቦታ አየር ለቀናት ሊያፈስ ይችላል፣ ስለዚህ ከቀዶው በኋላም አንድ ወይም ሁለት ቱቦ ይኖረዋል፤ ያን ጊዜ «መልሰው ቱቦ ከተቱበት» ብላችሁ አትደንግጡ። ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል። ሕመሙም ቀላል አይደለም፣ ማስታገሻ በደንብ ይሰጠው። ካልተሰጠው አያስልም፣ ካላሳለ አክታው ይቋጠራል። 24 ዓመት ሌላ በሽታ ለሌለበት ልጅ ትልቅ ሀብት ነው። የሚላጠው ቅርፊት ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል መላኩን አረጋግጡ። አንዳንዴ ከአክታ ያልተገኘ ቲቢ የሚገኘው ከእሱ ነው።

በጣም የደከመ፣ ትልቁን ቀዶ የማይችል ሕመምተኛ ከሆነ ጎኑ ላይ ትንሽ የጎድን አጥንት ተነሥቶ መስኮት ይከፈትለታል፣ መግሉም በወራት ይደርቃል። ከቲቢ መድኃኒት በፊት የነበረው የጎድን አጥንት እየነቀሉ ደረትን ማጎድጎድ ግን ዛሬ እምብዛም አይሠራም። ወንድምሽ እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም።

ጉዞውን በተመለከተ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ 2,400 ገደማ። ከፍታ ሲጨምር አየር ይለጠጣል። ደረቱ ውስጥ መውጫ የሌለው አየር ካለ መንገድ ላይ ሰፍቶ ሳንባውን ሊጫነው ይችላል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከአዲስ አበባው ብዙም አይለይም። ስለዚህ አውሮፕላን እርም፣ መኪና ሰላም የሚባል ነገር የለም፤ በደንገጎ ወጥታችሁ በቁልቢ ስታልፉም ያው ከፍታ ነው። ልዩነቱ አውሮፕላን በደቂቃዎች ያወጣሽና እክል ቢፈጠር ማቆም አይቻልም። መልሱ ቱቦው ላይ ነው። ክፍት ቱቦ ካለው የተለጠጠው አየር በቱቦው ይወጣል። ስለዚህ «ለመንገድ ይመቸው» ተብሎ ቱቦው እንዳይቆለፍ፣ እንዳይነቀልም። በመነሻው ቀን ራጅ ይነሣ። በአውሮፕላን ከሆነ የሐኪም ፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል፣ አየር መንገዱም ቀድሞ ይወቅ። ኦክስጅን የሚፈልግ ከሆነ ወይም አረፋው የማያቋርጥ ከሆነ በአምቡላንስ፣ ቱቦ የሚያውቅ ነርስ ይዞ ይሂድ። በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ጠርሙስ ይዞ መሄድን እርሱት።

ስለ ምግብ ካልተናገርኩ ግማሹን መልስ ደብቄአለሁ። መግል ፕሮቲን ይዞ ነው የሚወጣው። የከሳ ሰው ቁስሉ አይድንም። እንቁላል፣ ምስር፣ ፉል፣ የፈላ ወተት ይብላ ይጠጣ። እናንተ ጋ ደግሞ የባቢሌ ለውዝ አለ፤ ከእሱ የተሻለ ርካሽ የሕመምተኛ ምግብ አላውቅም። የግመል ወተትም ቢሆን ይፈላ። ጥሬው ብሩሴላ የሚባለውን ተህዋስ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ጫቱን ግን ያቁም። አቦ፣ የድሬን ልጅ ጫት አቁም ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሐረር ሠርቻለሁ። ስብከትም አይደለም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ከዚያ በላይ ደግሞ አምፒሲሊንና አሞክሲሲሊን ከሆድ ወደ ደም የሚገባውን መጠን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ወንድምሽ እየቃመ እነዚያን የፋርማሲ እንክብሎች ሲውጥ ከርሞ ከሆነ፣ ከዋጠው ወደ ደሙ የገባው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ አይደብቅ። ሲጋራና ሺሻማ አይነሣ።

አልጋ ላይ ዝም ብሎ አይተኛ። በቀን ብዙ ጊዜ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ጠርሙሱን አንጠልጥሎ ኮሪደሩን ይመላለስ። በረጅሙ ስቦ ለጥቂት ሴኮንድ ይያዝ። የታመመውን ጎን በትራስ ደግፎ ይሳል። ከቀዶውም በፊት ከቀዶውም በኋላ ሳንባውን የሚነፋው ይሄ ነው።

ሪፈር ወረቀቱ ሲጻፍ እነዚህ መኖራቸውን እዪ፦ ቱቦው የገባበት ቀን፣ በየቀኑ የወጣው መጠን፣ የመግሉ ምርመራና የካልቸር (ተህዋሲያኑን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) ውጤት፣ የቲቢ ውጤት፣ የወሰዳቸው መድኃኒቶች ከነተጀመሩበት ቀን፣ ከፋርማሲ የተገዙትም ጭምር። የራጅና የሲቲ ስካን ፊልሞቹ በሙሉ አብረው ይሂዱ፣ ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም። የቤተሰቡ የጤና መድህን ካለም ደብተሩ አይረሳ። የደረት ቀዶ ስፔሻሊስት በየከተማው የለም፤ ጥቁር አንበሳን በመሰሉ ሆስፒታሎች ወረፋ አለ። ስለዚህ ሐኪሙ ከመነሳታችሁ በፊት ተቀባዩን ሆስፒታል ደውሎ አልጋ ይጠይቅላችሁ። ወረፋው ረጅም ነው ከተባለ እዚያው ድሬዳዋ ቱቦውም መድኃኒቱም ሳይቋረጥ ይጠብቅ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አይደለም። እስከዚያው ትንፋሹ ካጠረ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ደም ከቱቦው ከፈሰሰ ወይም ከተቀባዠረ ሌሊትም ቢሆን ተረኛ ሐኪም ይጠራ።